የገና ቢራ ይከርማል ወይ?

ባለፈው የገና ዋዜማ እኛ ዘንድ ጠብ ተነስቶ ነበር። በፖለቲካ አይደለም። በኳስም አይደለም። በአንዲት ጠርሙስ ቢራ!

ነገሩ እንዲህ ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ ወዳጃችን በ2023 መጀመሪያ ላይ መንገደኛ አግኝቶ አንዲት ጠርሙስ ላከልን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። “አንከር” የሚባለው የሳንፍራንሲስኮ ቢራ ፋብሪካ ለገና ብሎ የጠመቃት፣ ቅመም የገባባት፣ ጠቆር ያለች ቢራ ናት። አንገቷ ላይ በላስቲክ የታሰረች ብጣሽ ወረቀት ነበረች። “እንዳትነኳት! ስመጣ አብረን እንከፍታታለን” ትላለች። እሺ አልን። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ፣ ፋብሪካው ተዘጋ የሚል ዜና ሰማን። ወዳጃችንም የመኖሪያ ወረቀቱ ጉዳይ አላልቅ ብሎት ሳይመጣ አንድ ገና፣ ሁለት ገና አለፈ።

ታዲያ ባለፈው ዋዜማ ዶሮው እየተገነጠለ ሳለ ከመሃላችን አንዱ “ለምን አንከፍታትም?” አለ። ቤቱ ወዲያው ለሁለት ተከፈለ። በአንድ ወገን “አክራሚዎች” ተሰለፉ (አክራሪዎች አላልንም)። “ቅመም ያለበት የገና ቢራ እንደ ወይን ነው፤ በከረመ ቁጥር ይጣፍጣል፤ ፈረንጆቹ ምድር ቤት እያስቀመጡ ዓመታት ያቆዩት የለም እንዴ? ደግሞስ የሰው አደራ አይደለም?” አሉ። በሌላው ወገን “ጠጪዎች” ተነሱ። “ቢራ ቢራ ነው። ጠላ ሲከርም አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ እስኪመጣ ድረስ ወደ ሆምጣጤ ከተለወጠ ምኑን ነው አብረን የምንጠጣው?” አሉ።

ሁለቱም ወገን እርግጠኛ ነበር። ሁለቱም ወገን ደግሞ ምንም አያውቅም ነበር። በዚያ ሌሊት ጠርሙሷን ወደ ቦታዋ መለስናትና ከበዓሉ በኋላ ማንበብ ጀመርን። ያገኘነው ከጠበቅነው በላይ ረጅም ታሪክ ነው። በአጭሩ ለማለት፣ ሁለቱም ወገን እኩል እኩል ተሳስቷል።

ያልጠመቀ ይቀጣል!

በመካከለኛው ዘመን በምዕራብ ኖርዌይ ይሠራበት የነበረ “ጉላቲንግ” የሚባል ሕግ አለ። ዛሬ በእጅ የሚገኘው ዋነኛ ቅጂው በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ የተጻፈ ነው። ሕጉ ገበሬው ለገና ሌሊት ቢራ እንዲጠምቅ ያዛል። “ቢጠምቅ መልካም ነው” አይልም፤ ያዛል!  ቢራው ይባረካል፤ ለክርስቶስና ለማርያም ምስጋና፣ ለመልካም ዓመትና ለሰላም ተብሎም ይጠጣል። ያልጠመቀ ሰው ለጳጳሱ መቀጮ ይከፍላል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሳይጠምቅ የቀረ እንደሆነማ ጉድ ፈላ። ንብረቱን ያጣል፤ ግማሹ ለንጉሡ፣ ግማሹ ለጳጳሱ ይሆናል።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን ኖርዌይን ስለገዛው ስለ ንጉሥ ሆኮን የሚተረክ ታሪክም አለ። ታሪኩን በ13ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው አይስላንዳዊው ስኖሪ ስቱርሉሰን ነው። ክርስቲያን ሆኖ ያደገው ንጉሥ፣ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ በክረምት ያከብረው የነበረውን በዓል ከገና ጋር አንድ ቀን ላይ እንዲውል አደረገ። እያንዳንዱም ሰው ከተወሰነ ስፍር ብቅል ቢራ እንዲጠምቅ አዘዘ። በዓሉ ስንት ቀን ይቆያል? መልሱ ደስ ይላል፦ ቢራው እስኪያልቅ ድረስ!

እዚህ ላይ ልብ በሉልን። በእነዚህ ሰዎች ዘንድ የገና ቢራ የሚጠመቀው ሊያልቅ ነው። የበዓሉ ርዝመት የሚለካው በጋኑ ነው። አንድ ሰው ድርሻውን ደብቆ “ለከርሞ አቆያለሁ” ቢል ጎረቤቶቹ ምን እንደሚሉት መገመት አያቅትም። ነገሩ የጋራ ነው። የጽዋ ማኅበር ባለበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ተራ የደረሰው ጠምቆ፣ በቅዱሱ ስም ተባርኮ፣ ሁሉም ቀምሶ ይበተናል። ከጽዋ ላይ ቀንሶ ቁም ሳጥን ውስጥ የሚያስቀምጥ የለም።

ስለዚህ ለጠጪዎች አንድ ነጥብ። ግን ገና አልጨረስንም።

ቅጠሉና ቅመሙ

ቢራ ውስጥ ቅመም መግባቱ የፈረንጅ ዘመናይነት የሚመስለን እንኖራለን። እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። ዛሬ በየፋብሪካው የሚጠመቀው ቢራ መራራነቱን የሚያገኘው “ሆፕ” ከሚባል ተክል አበባ ነው። ሆፕ በአውሮፓ ከመስፋፋቱ በፊት ግን ሰሜናውያኑ ቢራቸውን በተለያዩ ቅጠላ ቅጠሎች ይቀምሙት ነበር። በጀርመንና በዛሬዎቹ ቤልጂየምና ሆላንድ አካባቢ ቅልቅሉ “ግሩት” ይባላል። ዋነኛው ቅጠል ረግረግ መሬት ላይ የሚበቅል፣ ሽታው የሚያውድ ቁጥቋጦ ነበር።

ግሩትን መሸጥ ለማንም አይፈቀድም ነበር። መብቱ የገዢው ነው፤ ገዢው ለፈለገው ይሰጣል ወይም ያከራያል፤ ጠማቂው ደግሞ ከዚያ ብቻ ይገዛል። በአጭሩ ግብር ነው። በቤልጂየሟ ብሩዥ ከተማ “ግሩትሁዘ” የሚባል ቤተሰብ ስሙንም ሀብቱንም ያገኘው ከዚሁ መብት ነው። ቤተ መንግሥት የሚያክለው ቤታቸው ዛሬ ሙዚየም ሆኖ ይጎበኛል። ቅጠል ሸጦ ቤተ መንግሥት!

ታዲያ ሆፕ ይህን ሁሉ እንዴት ገለበጠው? ምክንያቱ ጣዕም ብቻ አልነበረም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የኖረችው ጀርመናዊት መነኩሲት ሂልደጋርድ ዘቢንገን ስለ ዕፅዋት በጻፈችው መጽሐፍ፣ የሆፕ መራራነት መጠጥን ከመበላሸት እንደሚጠብቅና እንደሚያቆይ መዝግባለች። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። ሆፕ ሲፈላ የሚወጡት መራራ አሲዶች ቢራን ከሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ብዙዎቹ እንዳይራቡ ያግዳሉ። በሆፕ የተጠመቀ ቢራ ስለሚቆይ መርከብ ላይ ይጫናል፤ ስለሚጫን ይነገድበታል። በ13ኛውና በ14ኛው ክፍለ ዘመን ብሬመንና ሐምቡርግ በባሕር እየጫኑ የሸጡት ይህንኑ ነው።

እኛም የራሳችን መራራ አለን፤ ጌሾ። ሆፕን “የፈረንጅ ጌሾ” ብንለው በሥራ ይገናኛሉ፤ በዘር ግን አይገናኙም። ከሆፕ የሚፈለገው አበባው ነው፤ ከጌሾ ቅጠሉና እንጨቱ። የእናቶቻችን እጅና የመነኩሲቷ ብዕር፣ ሳይተዋወቁ፣ “መራራ ያስፈልገዋል” በሚለው ተስማምተዋል ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ለጠርሙሳችን የሚጠቅም አንድ ቁም ነገር እናውጣ። ቢራን ያቆየው ቅመም አይደለም፤ መራራው ነው። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና የብርቱካን ልጣጭ ያሸቱታል እንጂ አይጠብቁትም።

እንግሊዞቹ ይህን የገባቸው ይመስላል። በገና ሰሞን “ዋሴል” እያሉ ጽዋ ይዘው ሲመራረቁ የሚጠጡት ትኩስ ቢራ ነበር። ስኳርና የተጠበሰ ፖም ይገባበታል፤ ገውዝ ተፈቅፍቆ ይነሰነስበታል። ቅመሙ የሚገባው በርሜል ውስጥ አልነበረም፤ ሊጠጣ ሲል፣ እዚያው ማቅረቢያው ላይ ነው። በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሀብታሞቹ ኪሳቸው ውስጥ የሚይዟት ትንሽ የብር መፈቅፈቂያ እንኳ ነበረቻቸው።

ይህ ነገር የእናቶቻችንን መከለሻ አያስታውሳችሁም? መከለሻ ወጡ ሊወጣ ሲል የሚነሰነሰው ለምንድን ነው? ከመጀመሪያው ቢጨመር ሽታው ተንኖ ስለሚያልቅ ነዋ! የቅመም ሽታ እንግዳ ነው፤ አይከርምም።

ለመክረም የተጠመቀው ሌላው ነው

ይህን ስንል ቢራ አይከርምም ማለታችን አይደለም። ይከርማል፤ ያውም በደንብ! ነገር ግን ለመክረም የተጠመቀው ቢራና ለበዓል የተጠመቀው ቢራ በአብዛኛው ሁለት የተለያዩ ቢራዎች ነበሩ።

በጀርመን አገር ባቫሪያ በ1553 የወጣ ደንብ በበጋ ቢራ መጥመቅን ከለከለ። የተፈቀደው ከመስከረም 29 እስከ ሚያዝያ 23 ብቻ ነው። ምክንያቱ ሙቀት ነው፤ በሙቀት የተጠመቀ ይበላሻል። ስለዚህ በጋውን የሚያሻግረው ቢራ በመጋቢት ከበድ ተደርጎ ይጠመቅና ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ ይከርማል። “ሜርዘን”፣ የመጋቢት ቢራ የሚለው ስም የቀረው ከዚያ ነው። ቅመም የለበትም፤ በዚያ አገር በ1516 የወጣው ዝነኛው ሕግ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውሃ ሌላ እንዳይገባ ከልክሏልና።

እንግሊዝ አገር ደግሞ ባላባቶቹ በጥቅምት ጠንካራ ቢራ ጠምቀው ለዓመታት የማቆየት ልማድ ነበራቸው። ከሁሉ የሚገርመው ይህ ነው፦ ወራሽ ልጅ ሲወለድ ቢራ ይጠመቃል፤ በርሜሉ ይታሸጋል፤ የሚከፈተው ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ነው። (የአጋጣሚ ነገር ሆኖ በእኛም አገር በ2019 የወጣው አዋጅ አልኮል ከ21 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጥ ከልክሏል። የእኛ ልጅ ግን በርሜል አይጠብቀውም!) በ1869 “ባስ” የተባለው የበርተን ጠማቂ ራትክሊፍ የሚባል ልጅ መወለዱን ምክንያት አድርጎ የጠመቀው ቢራ ጠርሙሶቹ ከመቶ ዓመት በኋላ ተከፍተው ተጠጥተዋል። ይህ ቢራ የቆየው በቅመም አይደለም። በአልኮሉ ብርታትና በሆፑ ነው።

እንግዲህ ታሪኩ ሁለት መንገድ አለው ማለት ነው። አንዱ የበዓል ቢራ ነው፤ ይጠመቃል፣ ይቀመማል፣ ከሰው ጋር ይጠጣል፣ ያልቃል። ሌላው የማክረሚያ ቢራ ነው፤ ብርቱ ነው፣ መራራ ነው፣ ቅመም አያውቅም፣ ይጠብቃል። ወዳጃችን የላከልን ጠርሙስ የትኛው ናት? ነገሩን ያወሳሰበችው እሷ ናት፤ ሁለቱን አጋብታቸዋለች።

የሳንፍራንሲስኮው ጋብቻ

ፍሪትዝ ሜይታግ የተባለ ወጣት በ1965 ሊዘጋ የነበረውን የአንከር ቢራ ፋብሪካ ገዛ። በ1975 ለገና ብቻ የሚወጣ ቢራ ጠመቀ። በየዓመቱ አጠማመቁ ይለወጣል፤ በየዓመቱ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው የዛፍ ሥዕል ይለወጣል፤ ዓመተ ምህረቱም ይጻፍበታል። ከ1987 ጀምሮ ቅመም ገባበት። ምን ቅመም? አይነገርም! ይህም በየቤቱ ለክርክር ተመቸ፤ አንዱ ገውዝ ነው ሲል ሌላው ቅርንፉድ ነው ይላል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተለወጠው። ጠርሙስ ላይ ዓመት ሲጻፍና የዘንድሮው ከአምናው ሲለይ ሰው ማስቀመጥ ይጀምራል። የአምናውን ከዘንድሮው ጋር አስተያይቶ መቅመስ ይፈልጋል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ1968፣ እንግሊዝ አገር “ቶማስ ሃርዲ” በሚል በደራሲው ስም የተሰየመ ጠንካራ ቢራ ወጥቶ ነበር። ጠርሙሱም 25 ዓመት ሊቆይ እንደሚችል ለገዢው ይናገር ነበር። የባላባት በርሜል ወደ ተራ ሰው ቁም ሳጥን ወረደ ማለት ይቻላል። የገና ቢራን እቤት የማክረም ልማድ እንግዲህ ከጥንት የወረደ ሥርዓት አይደለም፤ የእናትና የአባቶቻችን እኩያ ነው።

ሌሎችም አሉ። “ሳሚክላውስ” የሚባለው፣ መጀመሪያ ስዊዘርላንድ፣ ኋላም ኦስትሪያ ውስጥ የተጠመቀው ቢራ አልኮሉ 14 በመቶ ነው። የሚጠመቀው በቅዱስ ኒኮላስ ቀን፣ ታኅሣሥ 6 ሲሆን፣ ለወራት ከርሞ ነው ለሚቀጥለው ገና የሚደርሰው። ቅመም ግን የለበትም። ቤልጂየም ውስጥ “ደ ዶለ” የሚባሉት ጠማቂዎች “ስቲለ ናኽት” (ጸጥ ያለ ሌሊት) የሚል የገና ቢራ አላቸው፤ 12 በመቶ ገደማ ነው፤ አክራሚዎች ይወዱታል።

አንከር ግን ከእነዚህ የቀለለ ነበር። በኋለኞቹ ዓመታት 7 በመቶ ገደማ ነበር። የመጨረሻው የገና ቢራው የ2022ቱ ሲሆን 48ኛው ነው። በ2023 ፋብሪካው ሲዘጋ ሰዎች የቀሩትን ጠርሙሶች መሻማት ጀመሩ። በ2024 የቾባኒ እርጎ መሥራች ሃምዲ ኡሉካያ ፋብሪካውን ገዛው። እኛ ዘንድ ያለችው የ2022ቷ፣ የመጨረሻዋ ናት። የጠባችን ክብደት አሁን ሳይገባችሁ አይቀርም!

ጠርሙሱ ውስጥ ምን ይሆናል?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ቆርኪው ከተዘጋ በኋላ ቢራው አይተኛም። አምስት ነገሮች ይከናወናሉ።

አንደኛ፣ መራራነቱ ይቀንሳል። የሆፑ አሲዶች ቀስ በቀስ ይፈርሳሉ፤ ስለዚህ የቆየ ቢራ ወደ ጣፋጭነት ያደላል።

ሁለተኛ፣ ኦክስጅን ይሠራበታል። ሲታሸግ ውስጥ የቀረ ጥቂት አየር አለ፤ በቆርኪውም ሥር በዓመታት ውስጥ በጣም በጥቂቱ ይገባል። ቀላል ቢራ ላይ ይህ አየር እርጥብ ካርቶን የሚመስል ጣዕም ያመጣል። ብርቱና ጥቁር ቢራ ላይ ግን ዘቢብ፣ ቴምር ወይም የቆየ ወይን የሚመስል ጣዕም ሊሰጥ ይችላል። ያው አየር አንዱን ያበላሻል፣ ሌላውን ያስውባል።

ሦስተኛ፣ ብርሃን። ብርሃን የሆፑን ውህድ ሰብሮ መጥፎ ሽታ ያመጣል። አረንጓዴና ነጭ ጠርሙስ ከብርሃን እምብዛም አይከላከልም፤ ቡናማው ይሻላል።

አራተኛ፣ ሙቀት ሁሉንም ያፋጥናል። በ12 ዲግሪ በዓመታት የሚሆነው ነገር በ30 ዲግሪ በወራት ይሆናል።

አምስተኛ፣ ቅመሙ ይሄዳል። መጀመሪያ የሚሄደው ስሱ ሽታ ነው፤ የብርቱካን ልጣጭ፣ ዝንጅብል። እንደ ቅርንፉድ ያለው ጠንካራ ቅመም ቆየት ሊል ይችላል። ይህ ሁልጊዜ ጉዳት ነው ማለት አይደለም። አንዳንዱ የገና ቢራ በመጀመሪያው ዓመት ቅመሙ ፊት ላይ የሚወረወር ይመስላል፤ አንድ ዓመት ሲያድር ይረጋጋና ከብቅሉ ጋር ይስማማል። ነገር ግን ቢራውን የገዛችሁት ለቅመሙ ከሆነ፣ በየወሩ የምታጡት የከፈላችሁበትን ነው።

እንግዲህ ይከርማል ወይ?

በሦስት ከፍለን እንመልስ።

አልኮሉ 5 ወይም 6 በመቶ የሆነ፣ ቅመም ያለበት የበዓል ቢራ አይከርምም። ጓደኛ ጥሩና በዓሉ ሳያልፍ ጠጡት። ሁልጊዜ ግሮሰሪ የምናገኘው ቢራማ ጭራሽ አይታሰብ። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ቀን የተጻፈው ለጌጥ አይደለም።

7 በመቶ ገደማ የሆነው መሃል ሰፋሪ ነው። ለከርሞ ገና ቢቆይ አይጎዳም፤ ሊሻሻልም ይችላል። ከሁለት ዓመት ወዲያ ግን ዕጣ መጣል ነው።

ከ8 ወይም ከ9 በመቶ በላይ የሆነ፣ ጠቆር ያለ፣ በተለይ ጠርሙሱ ሥር እርሾ ያለበት ይከርማል። እርሾው የገባውን ኦክስጅን በከፊል ይበላላችኋል። ግን የምትጠጡት ያንኑ ቢራ አይሆንም፤ ቅመሙ ወደ ኋላ ብሎ ዘቢቡ ወደ ፊት የመጣበት ሌላ ቢራ ነው።

እንዴት? ቀላል ነው። ከአንድ ዓይነት ሦስት ጠርሙስ ግዙ። አንዱን ዘንድሮ ጠጡ፤ ጣዕሙን በሁለት መስመር ጻፉ። ሁለተኛውን ለከርሞ፣ ሦስተኛውን ከዚያ ለሚቀጥለው። ሦስት መግዛት ካልቻላችሁ ማክረሙን ተዉት፤ የመጀመሪያውን ያልቀመሰ ሰው የኋለኛው ተሻሻለ ወይስ ተበላሸ ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ጠርሙሱን አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፤ እርሾው ሥሩ ይረጋል፣ አየር የሚነካውም ቢራ ያንሳል። የተገዛበትን ቀን ጻፉበት። ጨለማ ቦታ ይሁን። ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ቢሆን ሸጋ ነው፤ ዋናው ግን ሙቀቱ ከፍ ዝቅ አለማለቱ ነው። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠችው አዲስ አበባ ይህ ያን ያህል አይከብድም፤ ፀሐይ የማያገኘው የቤቱ ጥግ፣ ከወለሉ አጠገብ፣ በካርቶን ውስጥ ይበቃል። ድሬዳዋ ወይም ሌላ ቆላ ላይ ከሆናችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስገቡት፤ ቦታ ከሌለ ጠጡት።

አሜሪካና አውሮፓ ላላችሁ ወዳጆቻችን ደግሞ አንድ ምሥጢር እንንገራችሁ። እነሱ ገናቸውን ታኅሣሥ 25 ካከበሩ በኋላ ሱቆች የተረፈውን የገና ቢራ ብዙ ጊዜ በቅናሽ ይሸጡታል። የእኛ ገና 13 ቀን ይቀረዋል። ጾሙ እስኪፈታ 13 ቀን ማክረም ማለት ነው፤ ይህን ያህል ማንም ቢራ ይችላል!

ስለ ጠላስ? ጠላ እቤት ለምትጠምቁ፣ እናቶቻችን መልሱን ድሮ ጨርሰውታል። ጥንስሱ ተጠንስሶ፣ ብቅሉ፣ ጌሾውና አሻሮው ገብቶ፣ በወይራ በታጠነ ጋን ውስጥ ሲታሸግ የሚቆየው ድፍድፉ ነው፤ ወፍራም ነው፣ አየር አያገኘውም። በውሃ ከተበጠበጠ በኋላ ግን ጊዜው በቀን ይቆጠራል። ለዚህ ነው ድፍድፉ ቀድሞ ተሠርቶ ውሃው በዓሉ ሲቃረብ የሚገባው። ከፈረንጆቹ የሁለት መንገድ ታሪክ ጋር አስተያዩት፤ እናቶቻችን ማክረሙንም በዓሉንም በአንድ ጋን ይዘውታል። የሚከርመው ድፍድፉ ነው፤ የሚጠጣው ደግሞ ትኩሱ ጠላ።

የጠርሙሷ ነገር

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ ጠርሙሳችንን አውጥተን አየናት። ሁለት ዓመት ከርማ የቆየችው የት ነው? ፍሪጁ አናት ላይ! ከኋላ የሞተሩ ሙቀት፣ ከጎን የመስኮቱ ፀሐይ። አክራሚዎች እንኳ አንገታቸውን ደፉ። አደራ ጠባቂ ነን ስንል ኖረን በየቀኑ ስናበስላት ነው የከረምነው። ጥፋቱ የእኛው ነው።

ለወዳጃችን ደወልንለት። የተማርነውን ሁሉ ከጉላቲንግ ሕግ ጀምረን ነገርነው። ዝም ብሎ ሰማንና “ታዲያ ምን ትጠብቃላችሁ? ክፈቷት” አለ። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አቆምንና ከፈትናት። ለስድስት ሰው በስኒ በስኒ ደረሰች። አንዷን ስኒ በስልኩ ፊት አስቀመጥን።

ምን ትላለች? እውነቱን እንናገር። ቅመሟ ሄዷል። ያ ሁሉ የሚያከራክረው ምሥጢራዊ ቅመም የለም፤ ከሩቅ ቅርንፉድ የሚመስል ነገር ብቻ። ጥቂት ዘቢብ አለ፣ ጥቂት ካርቶንም አለ። አልኮመጠጠችም፤ ጠጪዎች የፈሩት አልደረሰም። አልጣፈጠችም፤ አክራሚዎች የተመኙትም አልደረሰም። “እንዴት ናት?” አለ ከስልኩ ውስጥ። ከመሃላችን አንዱ “አምና ብንከፍታት ይሻል ነበር” አለው። እሱም “እኔም አምና ብመጣ ይሻል ነበር” ብሎ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ትንሽ ቆይተን ግን ዝም አልን።

ያን ዕለት የተስማማነው ይህ ነው። የበዓል ቢራ በበዓሉ፣ ካለው ሰው ጋር ይጠጣል፤ የኖርዌይ ገበሬዎችም ሕግም ያለው ይህንኑ ነው። ለሌለው ሰው የሚቆይ ነገር ከተፈለገ ግን መቆየት የሚችለውን መምረጥ፣ በሚቆይበት ቦታም ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ አሁን መንገደኛ አግኝተን፣ 10 በመቶ አልኮል ያለው፣ ጥቁር፣ ሥሩ እርሾ ያለበት የቤልጂየም የገና ቢራ አስመጥተናል፤ ሁለት ጠርሙስ። አንዱን በሚቀጥለው ገና እንቀምሰዋለን። ሌላው ካርቶን ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ፀሐይ በማያገኘው ጥግ ቆሟል። ቀኑ ተጽፎበታል፤ የወዳጃችንም ስም ከሥሩ አለ።

ፍሪጁ አናት ላይ አሁን ያለው የዳቦ መሶብ ብቻ ነው።